ረጅሙን የሚነኩ ሰዎች አገር

የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ደሴ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፣ ባለሱቆች አምፖላቸውን አንድ ባንድ ሲያበሩና መንገደኛው ሁሉ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ወደየቤቱ ሲጣደፍ፣ መዲና ይመር በተከራየቻት ክፍል ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ዐይኗን በአንዲት ባዶ መስመር ላይ ተክላ ተቀምጣ ነበር። መስመሯ ከአንድ አጭር ሰነድ ግርጌ ያለች የፊርማ ቦታ ናት። ሰነዱ «ከላይ የተዘረዘሩትን አርባ ትምህርቶች መርምሬ ትክክለኛነታቸውን አረጋግጫለሁ» ይላል፤ ከሥሩም የመዲና ስም በጉልህ ተጽፏል። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፊርማዋ ይፈለጋል። ከፈረመች አርባዎቹ ትምህርቶች በየትንንሹ ከተማ የመጠጥ ውሃ ወደሚያጸዱ ውሃ አካሚዎች ስልክ ይላካሉ፤ ካልፈረመች ደግሞ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ የሚፈርም ሌላ ሰው አይጠፋም።

መዲና የትምህርት ነዳፊ ናት። ይህን ሥራ ለሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «መምህር ነሽ?» ይሏታል፤ አይደለችም። «ታዲያ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነሽ?» ይሏታል፤ እሱንም አይደለችም። አዋቂው የሚያውቀውን ተቀብላ፣ ፍሬውን ከገለባው ለይታ፣ በቅደም ተከተል ደርድራ፣ ሥዕሉን ሥላ፣ ጥያቄውን ጽፋ፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው ያለ አስተማሪ በስልኩ ከፍቶ እንዲማረው አድርጋ ታሰናዳለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የሰዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ፣ የትኛው ጽሑፍ ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደሚገባና የትኛው ወረቀቱ ላይ ተኝቶ እንደሚቀር በጣቷ ተማረችው። ጽሑፋቸውን የተየበችላቸው ሰዎች ኋላ ባልደረቦቿ ሆነው «አንቺ የት ነው የተመረቅሽው?» ሲሏት፣ «ባንተ መመረቂያ ላይ ነዋ፤ ሦስት ጊዜ አርሜልሃለሁ» ትላለች እንጂ አንገቷን ደፍታ አታውቅም።

ስሟን ያስጠራው የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር፤ ክሎሪንን ለክቶ ታንከር ውስጥ ስለ መጨመር ለውሃ አካሚዎች ያዘጋጀችው ትምህርት። በያንዳንዱ ገጽ ላይ ስንዱ የምትባል ሴት ትታያለች። የሳለቻት ራሷ መዲና ናት፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ ፈገግታዋ የማይታጠፍ፣ ቀኝ እጇን ከገጹ ግርጌ «ቀጥል» ወደሚለው ቁልፍ የዘረጋች። ተማሪው በመለሰ ቁጥር «በጣም ጥሩ» ትለዋለች። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ሰባቱ አለፈ፤ አለቃዋ አቶ ዳምጠውም በየስብሰባው ይህን ቁጥር ሳይጠራ ቁጭ አይልም። ዘንድሮ ግን ሥራው መልኩን ለወጠ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ማሽን መጣና መዲና በሦስት ወር የምትነድፈውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይተፋው ጀመር። ትናንት ሸማኔ የነበረችው ሴት ዛሬ ሌላ በሸመነው ጥበብ ላይ ማኅተም መቺ ሆነች።

«መዲናዬ፣ አሁን እኮ አለቃ ሆንሽ» አላት አቶ ዳምጠው። «ማሽኑ ይለፋል፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ። ሌላ ምን ያምርሻል?»

«አለቃ ከሆንኩማ የመጀመሪያ ትእዛዜ እሱን ማባረር ነው» አለችው። እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

ሆኖም በዚያ አመሻሽ ከመፈረም ያገዳት በማሽኑ መቅናቷ አልነበረም። ከግማሽ ሰዓት በፊት ስልኳ ጮኾ ነበር። የደወለው አራጋው የሚባል የአንድ ቆላ ከተማ ውሃ አካሚ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቿ አንዱ።

«እትዬ መዲና፣ አራጋው ነኝ፣ የውሃው። ላመሰግንሽ ነው። ባልደረባዬ ሰይድ ትናንት ፈተናውን አለፈ፤ ዘጠና ስምንት አመጣ።»

«ማሻአላህ። መቼም በደንብ አጥንቷል።»

«ኧረ የት አጥንቶ። ዘዴውን ነገርኩት እንጂ።»

«የምን ዘዴ?»

«ረጅሙን መንካት ነዋ። ከአራቱ መልስ ረጅሙ ነው ትክክሉ። አሁን ይህን አገር ያወቀው ነው። ለኛ አዝነሽ አውቀሽ ያደረግሽው መስሎን ስንመርቅሽ ነው የከረምነው።»

መዲና ምን ብላ ስልኩን እንደዘጋች አታስታውስም። የመጀመሪያ ሥራዋን ከፍታ ቆጠረች። ከሠላሳው ጥያቄ በሃያ ስምንቱ ትክክለኛው መልስ ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል። ምክንያቱ ወዲያው ገባት፤ ስለገባትም አቃጠላት። ትክክለኛውን መልስ ሰው እንዳይሳሳትበት ብላ «ውሃው ከተለካ በኋላ»፣ «ጓንት ከተደረገ በኋላ» እያለች አጥርታ አብራርታ ጽፋዋለች፤ ሐሰተኞቹን ግን ማን ይለፋባቸዋል ብላ በሁለት በሦስት ቃል ወርውራቸዋለች። እውነቱን ስታከብረው አጋለጠችው። አሁን ይህን ብትናገር ስሟን ያቆመው ዘጠና ሰባት ይፈርሳል፤ «ድሮስ ሳይማሩ» የሚሉት ሁሉ ለወሬ ይጠራራሉ። ዝም ብትል ደግሞ ሰው የሚጠጣው ውሃ አለ። አርባዎቹን የማሽን ትምህርቶች ከፍታ ለመቁጠር ግን ፈራች። በዚህ ስትናጥ ጉሙ መስኮቷ ላይ ደረሰ፤ እሷም ግንባሯን ክንዷ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ንጋትም ምሽትም ያልሆነ፣ አመድ የመሰለ ሰማይ በተደፋበት ሰፊ ጎዳና ላይ ራሷን አገኘችው። ከጎኗ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ቆማለች፤ ቀኝ እጇ ወደ ፊት እንደተዘረጋ ነው፤ ፈገግታዋም እንዳለ ነው፤ ዐይኖቿ ብቻ ደክመዋል።

«እትዬ ስንዱ?» አለች መዲና።

«እትዬ አትበይኝ፤ ያንቺው ልጅ ነኝ። ለነገሩ አርባ ዓመት አድርገሽ ስለሳልሽኝ እትዬ ብትይኝም አያስከፋኝም።»

«እጅሽን ለምን አታወርጂውም?»

«መች እንዲወርድ አድርገሽ ሳልሽኝ? ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ ‹ቀጥል› እያልኩ ወደ ፊት ስነዳ ‹ገብቶሃል ወይ?› ብዬ የጠየቅሁበት አንድ ገጽ የለም። ነይ፣ የነዳሁት ሰው የደረሰበትን ላሳይሽ።»

ወደ አንዲት ታላቅ ከተማ ገቡ። ቤቶቿ ከፍ ከፍ ያሉ ናቸው፣ ግን አንዱም ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ እርስ በርስ እንደ ሰካራም ተደጋግፈዋል። በየበሩ፣ በየምሰሶው፣ በየሰው አንገት ላይ በመስተዋት የታቀፈ የምስክር ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ አንዳንዱ ሰው ከወረቀቱ ብዛት ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፤ ሲተላለፉም ሰላምታቸው የየወረቀቱ መስተዋት መጋጨት ነው። በከተማዪቱ መካከል ወንዝ ያልፋል፤ በወንዙ ላይ ወገቡ የተቆረጠ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ጫፍ የሠሪዎቹ ምስክር ወረቀት ተሰቅሎ አንድ ዘበኛ መስተዋቱን በጨርቅ ይወለውላል። ከታች ውሃው የወሰደው ጋሪ ጎማው ወደ ሰማይ ተገልብጦ ይታያል፤ ወደዚያ የሚያይ ሰው ግን የለም።

ከድልድዩ ማዶ ችሎት ተቀምጦ ደረሱ። አንድ ገበሬ ተነሥቶ «አጥሬን ያፈረሰው እሱ ነው፤ መጥረቢያው እዚያው ቀርቷል» ብሎ ተቀመጠ። ተከሳሹ በተራው ተነሥቶ ከሰባት ቤት ትውልዱ ጀምሮ፣ የአያቱን ጀግንነት፣ የበሬዎቹን ቀለምና የዘንድሮውን ዝናም ሳይቀር ሲተርክ ዋለ። ዳኛው ከእንቅልፉ ነቃና ጠረጴዛውን መትቶ ለተከሳሹ ፈረደ።

«ጉቦ በልቶ ነው?» አለች መዲና።

«ጉቦ? ንጹሕ ሰው ነው። የሕግ ትምህርቱን በዘጠና ዘጠኝ ነው የጨረሰው። ረጅሙን ነካ እንጂ ሌላ ምን በደለ?»

መድኃኒት ቤቱም እንዲሁ ነበር። ባለሙያው የያንዳንዱን መድኃኒት ስም በስንዝሩ እየለካ ስሙ የረዘመውን ያድላል፤ የጆሮ ሕመምተኛውም የሆድ ሕመምተኛውም አንድ ዐይነት ጠርሙስ ይዘው፣ እያመሰገኑ ይወጣሉ። መዲና መጀመሪያ ላይ ምላሷ ሊያሾፍ ቃጥቶት ነበር፤ ወደ ኮረብታው ስትወጣ ግን ማሾፉን ተወችው።

በኮረብታው አናት የከተማዪቱ የውሃ ታንከር ቆሟል። ከሥሩ ንጹሕ የደንብ ልብስ የለበሰ ትሑት ወጣት የክሎሪን ዱቄት ባልዲ አጠገቡ አድርጎ ተቀምጧል፤ ፊቱ እጀታቸው የሚበላለጥ ሦስት ማንኪያዎች አሉ።

«ወንድሜ፣ ለዚህ ታንከር ስንት ማንኪያ ነው የሚጨመረው?» አለችው።

«አማራጮቹን ንገሪኝ» አላት በአክብሮት።

«አማራጭ የለም። ታንከሩ ይኸው፣ ዱቄቱ ይኸው።»

ወጣቱ ግራ ተጋብቶ የስንዱን የተዘረጋ እጅ አየ። «እንዲህ ያለ ጥያቄ አልተማርንም፣ እህቴ። የተማርነው አማራጭ ያለውን ነው» አለና እጀታው የረዘመውን ማንኪያ አንሥቶ፣ ዱቄቱን ሳይለካ ዘግኖ ታንከሩ ውስጥ በተነው። ከዚያ እንዳትቀየመው ፈልጎ የምስክር ወረቀቱን ከአንገቱ አውልቆ አሳያት። ዘጠና ስምንት ይላል። ከግርጌው ያለውን ፊርማ አወቀችው፤ የራሷ ነው።

«ይህን አልፈረምኩም» አለች ወደ ስንዱ ዞራ።

«ነገ በሦስት ሰዓት ነው የምትፈርሚው» አለቻት ስንዱ። «እዚህ ግን ያ ቀን አልፏል።»

በኮረብታው ማዶ ቁልቁል ሲወርዱ አፈሩ ገና ያልደረቀ ትንንሽ መቃብር በረድፍ በረድፍ ተሰልፎ አዩ። አንዲት ሴት ከአንዱ አጠገብ ተቀምጣ ድንጋይ ታስተካክላለች። መዲና አጎንብሳ የማን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የልጄ ነው። ውሃ ገደለው ስልሽ ሰምጦ እንዳይመስልሽ፤ ጠጥቶ ነው።»

«አብሽሪ፣ እህቴ። ውሃውን ያከመውን ሰው አልከሰስሽውም?»

«ለምን ብዬ? ሠርተፊኬቱን አየሁት፤ እውነተኛ ነው። ልጄን ያየው ሐኪምም አለው። ብከስስ የሚሰማኝ ዳኛም አለው። ሁሉም አልፏል እኮ። የወደቀው ልጄ ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ምሬት እንኳ አልነበረም፤ መዲናን ያስፈራትም እሱ ነው። የሚቆጣ ሰው ያለበት አገር ገና ተስፋ አለው። እዚህ ግን ቁጣው ራሱ የሚያርፍበት ትከሻ አጥቶ ጠፍቷል፤ በዳይ የሌለው በደል፣ ገዳይ የሌለው ሞት ነግሦበታል።

ስንዱ ወደ አንድ ጣራው ወደማይታይ አዳራሽ መራቻት። ከላይ ከጨለማው ውስጥ ትምህርት እንደ ወፍጮ ዱቄት ሳያቋርጥ ይፈስሳል፤ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት መሥመር፣ ስለ ምጥ፣ ስለ ድልድይ። ከታች ዳር ድንበር በሌለው ረድፍ የተቀመጡ ወንዶችና ሴቶች የፈሰሰውን እየሳቡ ይፈርማሉ፤ ቀኝ እጃቸው አብጧል፣ ዐይናቸው ወረቀቱን አያይም። መዲና ከአንዲት ሴት አጠገብ ቆመች።

«ቁጭ በይ፣ ያቺ ወንበር ያንቺ ናት» አለቻት ሴትዮዋ ቀና ሳትል። በወንበሩ ላይ የመዲና ስም ተጽፏል።

«የምትፈርሚውን ታነቢዋለሽ?»

«ድሮ አነብ ነበር። አንዱን ሳነብ መቶው ተከምሮ ይጠብቀኛል። ኋላ ርእሱን ብቻ አነብ ጀመር። አሁን ርእሱም ቀርቷል።»

«ቀድሞ ምን ነበር ሥራሽ?»

«እነድፍ ነበር» አለች፤ ቃሉን የሞተ ዘመድ ስም እንደሚጠሩት አድርጋ ጠራችው።

መዲና ራሷን መግዛት ተሳናት። «ይህ ሁሉ የማሽኑ ሥራ ነው። እኔ ለሰው አስቤ፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው የነደፍኩት። ይህ ልብ የሌለው ብረት ነው አገር ያጠፋው» አለች ወደ ስንዱ ዞራ።

«ማሽኑ ከማን ተማረ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ከመቶ ዘጠና ሰባት ሰው ያሳለፈ ትምህርት ናሙና ይሁነው ብለው ሰጡት። ያንቺን ነው የሰጡት። እሱም ታማኝ ተማሪ ነው፤ ውሃ ማከም ምን እንደሆነ ባያውቅም እውነት ረጅም መሆኗን ካንቺ ለቀመ። አንቺ በሠላሳ ጥያቄ የሳትሽውን እሱ በሠላሳ ሺህ አባዛልሽ። ተማሪ ከመምህሩ ሲበልጥ ደስ አይልም?»

መዲና ስሟ ወደተጻፈበት ወንበር ዞረች። ብዙ ሰው ሰድቧት ያውቃል፤ ስድቡ ውሸት ስለነበረ አልከበዳትም። ይኸኛው እውነት ነው። «ተማሪ አጠገብ ተቀምጬ እንዲህ ሲያደርግ ባየው ኖሮ በአንድ ቀን እነቃበት ነበር» አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ።

«ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ጎበዝ ነኝ ብዬ አያስፈልገኝም አልኩ።»

«እንግዲያው ተቀምጣ ያለች አንዲት ሴት አለች፤ ነይ እያት።»

ከከተማው ዳርቻ ጣራው ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ጎልማሳ ውሃ አካሚ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ማንኪያ ይዞ ባልዲ ፊት ተንበርክኳል። ከኋላው አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች። ሰውየው ተሳሳተ፤ ሴትዮዋ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አልተናገረችም። እንደገና ተሳሳተ። አንዱን እጇን አውጥታ ማስታወሻ ጻፈችና መልሳ ተቀመጠችበት።

«ለምን አትነግረውም?» አለች መዲና በሹክሹክታ።

«ከነገረችው እሱ ይማራል፤ ትምህርቱ ግን እንደታመመ ይቀራል። ሕመምተኛው ትምህርቱ ነው።»

«ማሽን የላትም?»

«አላት፤ ጥጉ ላይ ያለው እሱ ነው። ይጽፍላታል። የሚያይ ግን ዐይን የለውም፤ የምታይለት እሷ ናት። መልሶቹንም በክር እየለካች እኩል ታደርጋቸዋለች።»

ሰውየው ስልኩ ላይ ያሉትን አራት መልሶች ተመለከተ። ጣቱ እንደ ልማዱ ረጅሙን ፈለገ፤ ረጅም አልነበረም። አራቱንም ደጋግሞ አነበበ። አንገቱን ሰብሮ «አላውቅም» አለ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቆሙ፤ በዚያች ከተማ ይህ ቃል ከተነገረ ስንት ዘመኑ ነው። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ አፈረለት፤ አንዲት አሮጊት ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አለቀሰች። ሴትዮዋ ያን ጊዜ እጆቿን ከሥሯ አወጣችና ወንበሯን ወደ ሰውየው አስጠጋች። «እንግዲህ አሁን እንጀምራለን» አለችው።

«በዓመት ስንት ሰው እንዲህ ታስተምራለች?» አለች መዲና።

«ሠላሳ።»

«ለአንድ አገር ሠላሳ ሰው ምን ይሆናል?»

«አይበቃም። ይበቃል ብዬ አልዋሽሽም። ግን ሠላሳዎቹ የሚያክሙትን ውሃ የሚጠጣው መንደር ዘንድሮ መቃብር አልቆፈረም።»

«እኔስ ምን ላድርግ?»

ስንዱ ፈገግታዋን ማጠፍ ሞከረች፤ አልታጠፈላትም። «እኔን አትጠይቂኝ፤ ምንም ብታደርጊ ‹በጣም ጥሩ› ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልሰጠሽኝም» አለች። ያን ጊዜ አመዳሙ ሰማይ እንደ ወረቀት ተጨማደደና መዲና ነቃች።

ነግቷል። የጠረጴዛው ጠርዝ ጉንጯ ላይ ታትሟል፣ አንገቷ አልዞር ብሏታል። ፊቷን ሳትታጠብ አርባዎቹን ትምህርቶች ከፈተችና ማስመሪያ ገጹ ላይ እያሳረፈች መልሶቹን ለካች። ከአራት መቶው ጥያቄ በሦስት መቶ ሰባ ዘጠኙ ትክክለኛው መልስ ረጅሙ ነበር። ኮምፒውተሯን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ቢሮ ስትደርስ አቶ ዳምጠውና ሁለት ባልደረቦቿ ጠረጴዛ ከበው ይጠብቋታል። አንደኛው ዮናኤል ነው፤ መመረቂያውን የተየበችለት። «ፊቷን እዩት፤ አንዲት ፊርማ ለመፈረም ሌሊቱን ስትለማመድ ያደረች ትመስላለች» አለ።

«አልፈርምም» አለች መዲና። «አርባዎቹ መላክ የለባቸውም። ያንብቡም አያንብቡም ሰዎቹ ያልፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ዘጠና ሰባትም እንዲሁ ነው ያለፉት፤ በየከተማቸው ሄደን እንደገና እናያቸዋለን።»

አቶ ዳምጠው ብዕሩን አስቀመጠ። «ምን ነካሽ፣ መዲና? በዘጠና ሰባቱ ነው እኮ የቆምነው። ሕልም አይተሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ፣ አይቻለሁ። አንድም ሳላስቀር እነግራችኋለሁ፤ ለናንተም፣ እንደኛ ለሚነድፍ ሁሉ፣ ለሚፈርም ሁሉ፣ ውሃውን ለሚጠጣውም። እሱን ከሰማችሁ በኋላ ብታባርረኝ አልቀየምህም።»

ዮናኤል ሳቅ ብሎ «እሺ፣ ሕልሟን እንስማላት» አለ።

መዲና ወንበር ስባ ከመካከላቸው ተቀመጠች።

«ሕልሙ ይቆይህ። መጀመሪያ የሚመጣው ጥፋቱ ነው» አለችው፤ የመጀመሪያ ሥራዋንም ከፍታ ኮምፒውተሯን ወደነሱ አዞረችው። «አንደኛውን ጥያቄ ተመልከቱ። ይህን ማሽኑ አይደለም የጻፈው፤ እኔ ነኝ።»